ጀማሪ መባል የፈራችው ልጅ

ስሙኝማ የኔ ውዶች! አንተም ከኋላ ስልክህን የምትነካካው፣ ላንተ ነው የማወራው፣ ና ወደ እኛ።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ እንደኛው ትምህርት የጨረሰች። ኬብሮን እንበላት። ሐዋሳ ያለ አንድ ቢሮ «እስከ አርብ ትንሽ ድረገጽ ሰርቶ ለላከልን የክረምት ሥራ እንሰጣለን» አለ። ድረገጹ ምን ያድርግ? የከተማውን የአየር ሁኔታ ከሌላ ድረገጽ ጠይቆ ያሳይ። የሚጠይቅበት በር ኤፒአይ ይባላል። በቃ፣ ይሄው ነው!

ኬብሮን ሥራውን እንዴት እንደፈለገችው! ክረምቱን ሙሉ ቤት ቁጭ ብላ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ስልክ?» መባል ሰልችቷታል።

ታዲያ መስራት ጀመረች? የት! «መጀመሪያ ፍሬምወርክ ልምረጥ» አለች። ፍሬምወርክ ማለት ከባዶ እንዳትጀምሩ ግማሹን ሰርቶ የሚጠብቃችሁ ነገር ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቀች፣ አለቀላት! አንዱ «ጃንጎ! ሁሉ ነገር ያለው እሱ ጋ ነው» ይላል። ሌላው «ያለ ላራቬል ድረገጽ የለም» ይላል። ሰኞ ጃንጎ ጫነች። ማክሰኞ አጠፋችው፣ ላራቬል ጫነች። እሱንም አጠፋችው። ረቡዕ ግሩፑ ላይ ድምፅ አሰጠች፣ ራሷም ድምፅ ሰጥታ ሃሳቧን ቀየረች! ሐሙስ ደረሰ። የተሰራ ነገር? ምንም።

ጓደኛዋ ሶስና መጣች።

«በፓይተን ኮድ መጻፍ ትንሽ ትችያለሽ አይደል? ታዲያ ፍላስክ የምትባለው ፍሬምወርክ ምን አረገችሽ? ቀለል ያለች ናት፣ ጥቂት መስመር ጽፈሽ ትነሻለሽ።»

«እሷማ የጀማሪ ናት። ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! የአየር ሁኔታ ለማየት አውሮፕላን ልትሰሪ ነው እንዴ? ቁጭ በይ!»

ቁጭ አለች። ተሳሳተች፣ አረመች፣ ደግሞ ተሳሳተች። ከዛ ስክሪኑ ላይ «ሐዋሳ፣ ዝናብ» ብሎ ብቅ! መስኮቱን ከፈተች፣ እውነትም እየዘነበ ነው! ሁለቱም ሲጮሁ እናቷ «ምን ነካችሁ?» ብለው ሮጠው መጡ።

አርብ ግሩፑ ላይ «በፍላስክ ሰራሁት» አለች። ለቢሮው ልትልክ ስትል አንዱ «ፍላስክ? ሃሃሃ፣ ጀማሪ!» ብሎ ጻፈ። መላኩን ተወችው። ላጥፋው? በጃንጎ እንደገና ልጀምር? ስልኳን አጠገቧ ላለችው ለሶስና አሳየቻት። ሶስና አንድ ነገር አለቻት። ኬብሮን ከት ብላ ሳቀች፣ ላከችው። ሥራውንም አገኘች!

ምን አለቻት? ቆይ፣ መጀመሪያ እናንተን ልጠይቃችሁ።

ስንቶቻችን ነን «እንደ ትልልቆቹ አሳምሬ ካልጸለይኩ» ብለን ለእግዚአብሔር አንዲት ቃል ሳንናገር የምንተኛው? ስንቶቻችን ነን «ድምፄ ይስተካከል» እያልን መዘምራን ውስጥ ያልገባነው? የተጣላናትን ልጅ «ንግግር አዘጋጅቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» እያልን ስንት ጊዜ አለፈ? «ሰላም ነሽ?» ብሎ መጀመር አይቻልም? ይቻላል እኮ!

እግዚአብሔር አሳምራችሁ እስክትመጡ በር ላይ አያቆማችሁም። ዛሬውኑ፣ በምትችሏት በትንሿ ጀምሩ። የሚስቅባችሁ አይጠፋም። «ጀማሪ!» ሲላችሁ ሶስና ያለቻትን ቃል በቃል ለራሳችሁ በሉ፦

«እሰይ በያ! ከትናንት ወዲያ እኮ ጀማሪም አልነበርሽም!»