በስሟ የሚላከው እንኳን ደስ አለህ

አንዲት ሴት ነበረች። ተምራለች፣ ሥራዋንም ታውቃለች፤ ሰው ፊት መናገር ግን ያሳፍራታል። የምትሠራው ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነበር። ማን ምን እንደጨረሰ እየጠየቀች በሥራ ሰሌዳው ላይ ታሰፍራለች፣ ሥራው ያለ ስህተት መሄዱን ለሚሞክሩት ፈታሾች ትነግራለች፣ ለደንበኛው ታሳውቃለች። ይህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ «ጨረስክ?» ማለትን ይጠይቃል። እያንዳንዷ «ጨረስክ?» ከጉሮሮዋ የምትወጣው በጭንቅ ነበር።

አንድ ቀን አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፉ መተግበሪያዎችን እርስ በርስ ማገናኘት እንደሚቻል ተማረች። ፕሮግራመሩ ሥራውን ሲያስገባ ሰሌዳው በራሱ «ተጠናቀቀ» ይላል። ሰሌዳው እንዲህ ባለ ቁጥር ዌብሁክ የሚሉት ነገር እንደ በር ደወል ለሌሎቹ መተግበሪያዎች ይደውላል፤ እነሱም ለፈታሹ በቴሌግራም፣ ለደንበኛው በኢሜይል ወሬውን ያደርሳሉ። እንዲህ አድርጋ አገናኘችው፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» እንዳይሏት ፈራች።

ይህ ሰንሰለት እንደሠራላት ስታይ አንድ ነገር ጨመረችበት። ሥራ በተጠናቀቀ ቁጥር ለሠራው ሰው በእሷ ስም «እንኳን ደስ አለህ! በርታ፣ አይዞህ» የሚል መልእክት እንዲሄድ አደረገች። በአፏ ልትለው እየፈለገች እምቢ የሚላት ቃል ነበር።

ሰዎቹ ወደዷት። አለቃዋ «አንድም ሰው ሳትረሳ የምታበረታታ እንደሷ ያለች የት ትገኛለች?» ይል ነበር። እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

አብሯት የሚሠራ ዘሪሁን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። እናቱ ሞቱበት። ጓደኞቹ ሐዘን ላይ ሆኖ ሥራ እንዳያስጨንቀው ብለው፣ የጀመራቸውን ሥራዎች ተከፋፍለው በየስማቸው አዲስ ከፈቱ። በእሱ ስም የነበሩትን ደግሞ አለቃው አንድ በአንድ «ተጠናቀቀ» እያለ ዘጋለት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ።

መንገድ ላይ ሴትዮዋ ስልኳን ብታይ ክው አለች። ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠው ሐዘንተኛ በእሷ ስም «እንኳን ደስ አለህ፣ ዘሪሁን!» ሄዶለታል፤ ሥራው በተዘጋ ቁጥር፣ ደጋግሞ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ አየችው። «ውይ! ምን ነካሽ አንቺ?» አለች። ነገሩ ሲብራራላት ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «በቃ፣ ስልኬ ተጠልፎ ነው በይው። ማን ያጣራል?» አለቻት።

እውነትም የሚያጣራ አልነበረም። እንዲያ ብትል ስሟም ምስጢሯም፣ የዘሪሁን ወዳጅነትም ይተርፍላት ነበር።

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ የዘሪሁን እህት የወንድሟን ስልክ እንደያዘች ብድግ አለች።

«እንኳን ደስ አለህ ባይዋ አንቺ ነሽ? እናታችን ምን አድርጋሽ ነው?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አለች። ጓደኛዋ ከኋላዋ እፎይ ስትል ተሰማት። «ማሽን ነው። በስሜ እንዲጽፍ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። ሥራ ሲዘጋ እንዲህ በል ብዬዋለሁ፤ ለምን እንደተዘጋ አያውቅም። ከድሮም የሚልክላችሁ እሱ ነው።»

አንድ አዛውንት ጎረቤት አጠገባቸው ያለውን ሰው «ማነው ማሽኑ? የት ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። የሳቀ የለም።

ዘሪሁን ቀና አለ። «ልጄ ሆስፒታል ተኝታ እያለችስ? አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሠራ፣ ‹በርታ፣ አይዞህ› ያልሽኝስ? እሱን ደጋግሜ አነበው ነበር እኮ።»

«እሱስ የእኔ ነው» ብትል ሰውየው በተጽናና ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እሱም ማሽኑ ነው፣ ዘሪሁን። ልጅህ መታመሟን እንኳ አላውቅም። ሁልጊዜ ያናገርኩህ እየመሰለኝ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም።»

ዘሪሁን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለላትና «ቁጭ በይ» አላት። ጓደኞቿ «እግዜር ያጽናህ» ብለው ሲመለሱ እሷ ቀረች። ስለ እናቱ ጠየቀችው፤ ድምጿ ይቆራረጣል። እሱም አወራላት።

ሥራ ስትገባ ሰንሰለቱን ለሁሉም አሳየች። ፈታሹን የሚጠራውንና ለደንበኛው የሚነግረውን እንዳለ ተወችው፤ እንዲያውም አለቃው ሌሎቹን እንድታስተምር አደረጋት። እንኳን ደስ አለህ የሚለውን ግን ነቀለችው። አሁን እየሄደች በአፏ ትላለች። አንዳንዱን ሰው ትረሳለች፣ አንዳንዴም ቃሉ ይተናነቃታል። «ማሽኑ እኮ አይረሳንም ነበር!» እያሉ ይቀልዱባታል።

አንቺ ልጄ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ሰንሰለት አገናኝተሽ በስምሽ መልእክት እያስላክሽ «ቲቸር፣ የማይደክመው ማሽን ምስጋናውንም ማጽናናቱንም ቢልክልኝ ምን አለበት? ቃሉ ያው ቃል ነው» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቃሉማ ያው ነው። ዘሪሁንም ቃሉን አልነቀፈም፤ በዚያ ቃል ልጁን አስታሟል። ያጣው በቃሉ ውስጥ አለች ብሎ ያመናትን ሰው ነው። የአንቺም ሥራ እንደዚያች ሴት ሰንሰለት ነው። ኮዱ መግባቱን፣ ሥራው መዘጋቱን፣ የፈታሹ ተራ መድረሱን ማሽኑ ይንገርልሽ፤ ይህን ለእሱ መስጠት አያሳፍርም፣ ከማንም አትደብቂው። በስምሽ የሚሄደው ግን፣ ሰውየው ነገ መጥቶ «ያኔ ታስቢኝ ነበር?» ቢልሽ ዓይኑን እያየሽ አዎ የምትይው ይሁን። ያገናኘሽው መልእክት ይኸው አሁን ተቀምጠን እያወራንም ለሰው እየሄደ ነው። ተነሺና መጀመሪያ ስምሽን ከላዩ አንሺ፤ ከዚያ ከተላከላቸው ሰዎች ወደ አንዱ ሂጂና እንደምን ሰነበትክ በይው።