ጋሽ ዳምጠው ያላስነኩት ግድግዳ

ይህች ጨዋታ ሰንሰለት ናት። ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ትንፋሽ ያለው አብሮ ይቁጠር።

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የወጣቶች ማዕከል አዲስ መዋኛ ገንዳ አሠራ። ጠባቂዋ ኑሪያ ትባላለች፤ ዋና ማንም ሳያስተምራት የለመደች፣ የገንዳ ውሃን ጠባይ ደግሞ ከስልኳ ላይ አንብባ አንብባ ያወቀች ልጅ። ገንዳው በተሞላ ማግስት ኑሪያ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ ወለሉ ላይ ያለችውን የውሃ መውጫ ጥቁር ወንፊት ከላይ ሆና ማየት። በቃ፣ ሌላ ምንም። ወንፊቷ ካልታየች የሰመጠ ልጅም አይታይምና ማንም አይገባም። አርባ ልጆች ግን ተመዝግበው ቅዳሜን እየቆጠሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸምሰዲንም፣ "እስከ ዓርብ ካልጠራ እናፈሰዋለን፤ ከፈሰሰ ደግሞ ሌላ ውሃ የምናገኘው ለከርሞ ነው" ብለዋታል።

ሰኞ ጠዋት ኑሪያ ገንዳው ጫፍ ላይ ተንበረከከች። ውሃው የሩዝ እጣቢ መስሏል።

"ውሃ፣ ወንፊቷን አሳየኝ እንጂ!"

"አላሳይም። ክሎሪኑ መቼ አጠራኝና?"

ወንፊቷን ውሃው አላሳይም አለ።

ወደ ክሎሪኑ ሄደች። "ያን ሁሉ ጨምሬህ ተኝተሃል?"

"እጥፉን ብትጨምሪም ያው ነኝ። ኖራው እጄን ይዞኛል።"

እውነቱን ነው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይተፋል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ውስጥ ደግሞ ክሎሪን ይፈዛል። ኑሪያ ውሃውን በትንሿ ብልቃጥ ቀድታ መመርመሪያውን ጠብ ብታደርግበት ወይን ጠጅ ሆነ። ፒኤች የሚሉት የኖራና የአሲድ መለኪያ ሰባት ተኩል አካባቢ መሆን ሲገባው ስምንት ተኩል ደርሷል።

ወንፊቷን ውሃው አላሳይም አለ፤ ውሃውን ክሎሪኑ አላጠራም አለ፤ ክሎሪኑን ኖራው አላሠራም አለ።

ለኖራ መድኃኒቱ አሲድ ነው። ኑሪያ ጓንቷን አጠለቀች፣ መነጽሯን አደረገች። አሲዱን ወደ ውሃው አፈሰሰች እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አላፈሰሰችም፤ ከክሎሪኑም ጋር አላገናኘችም፣ ሁለቱ አንድ ባልዲ ውስጥ ከገቡ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጨርሳል። ቀለሙ ማታ ተስተካከለ። ማክሰኞ ጠዋት ተመልሶ ወይን ጠጅ!

"ምነው አሲድ፣ አፈርኩብህ?"

"እኔ ምን በወጣኝ! ማታ ያወረድኩትን ኖራ ግድግዳው ሲያድር መልሶ ይተፋዋል። ኖራውን አልችለውም።"

"ግድግዳ፣ አሲዱን አሳርፈው!"

"አዲስ ነኝ እኮ አቦ! ብናኜን የሚፈትግልኝ ብሩሽ የታለ?"

"ብሩሽ፣ ግድግዳውን ፈትግ!"

"አልፈትግም። ጋሽ ዳምጠው ገና ከመጋዘን ስወጣ አይተውኝ እሰብርሃለሁ ብለውኛል።"

ጋሽ ዳምጠው ገንዳውን የለሰኑት ግንበኛ ናቸው። ሥራው ካለቀ ሳምንት ቢሆነውም በየቀኑ እየመጡ፣ ባልዲ ገልብጠው ጫፉ ላይ ይቀመጣሉ።

"ጋሽዬ፣ ብናኙን ብቻ ላንሳው?"

"ብናኝ ትለኛለች! ሦስት ጊዜ ያለሰለስኩት ነው። መፈተግ ካማረሽ የራስሽን ጥርስ ፈትጊ!"

ኑሪያ እየሮጠች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። "አቶ ሸምሰዲን፣ እባክዎ ይዘዙልኝ!"

"እኔ? ጋሽ ዳምጠውን? የተወለድኩበትን ቤት መሠረት የጣሉት እሳቸው ናቸው! በልጅነቴ እርጥብ ሲሚንቶ ረግጬባቸው እስከ ታይዋን ገበያ አባረውኛል። ወላሂ አላዝም።"

በሉ አሁን ትንፋሽ ሰብስቡ። ወንፊቷን ውሃው አላሳይም አለ፤ ውሃውን ክሎሪኑ አላጠራም አለ፤ ክሎሪኑን ኖራው አላሠራም አለ፤ ኖራውን አሲዱ አልችለውም አለ፤ አሲዱን ግድግዳው አላሳርፍም አለ፤ ግድግዳውን ብሩሹ አልፈትግም አለ፤ ብሩሹን ጋሽ ዳምጠው አላስነካም አሉ፤ ጋሽ ዳምጠውን ሥራ አስኪያጁ አላዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚኬድበት ሰው አልነበረም። ኑሪያ ተመልሳ ከጋሽ ዳምጠው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሽዬ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

ሽማግሌው፣ "ሠላሳ ስምንት ዓመት ገነባሁ" አሉ። "የቤት መሠረት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ። ሁሉም አፈር ለበሰ፤ ማን አየልኝ? ሰው የሚያየው ሥራዬ ይሄ አንዱ ነው። አንቺ እሱንም በሽቦ ልትቧጭሪው መጣሽ።"

ኑሪያ እጇ ላይ ያለውን ብሩሽ አየችው። ሽቦ ነው፤ ለዛገ ብረት የሚሆን። "በብሩሽ ይፈተጋል" የሚለውን ስታነብ በምን ዓይነት ብሩሽ እንደሆነ አላየችም ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽዬ። ልክ ነበሩ።"

ሮጣ ሄዳ የፕላስቲክ ፀጉር ያለውን አመጣችና መዳፋቸው ላይ ፈተገችው። "ይቧጭራል?"

"ይኮረኩራል" አሉ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

"እንግዲያው ሥራዎን ያሳዩኝ። የታለ?"

ጋሽ ዳምጠው ጎንበስ ብለው አዩ። ግድግዳቸው ስንዝር ያህል ወረደና ነጩ ውሃ ውስጥ ጠፋ። "ለካ ይሄንንም ቀብሬዋለሁ!" አሉና ብድግ አሉ። "አምጪው ወዲህ! አንቺ አትችዪበትም፣ እኔው ነኝ የምፈትገው።"

ብሩሹን ረጅም እንጨት ላይ አስረው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጠዋትና ማታ ገንዳውን እየዞሩ ፈተጉ። ኑሪያ ከኋላ ከኋላ ብናኙን የሚይዘውን ማጣሪያ ታጥባለች፣ ትለካለች፣ አሲዱን በጥቂት በጥቂቱ ትጨምራለች።

ያን ጊዜ ሰንሰለቷ ወደ ኋላ ሮጠች! ጋሽ ዳምጠው ብሩሹን ያዙ፤ ብሩሹ ግድግዳውን ፈተገ፤ ግድግዳው አሲዱን አሳረፈ፤ አሲዱ ኖራውን ቻለ፤ ኖራው ክሎሪኑን ለቀቀ፤ ክሎሪኑ ውሃውን አጠራ፤ ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ገንዳው ላይ ስታርፍ ውሃው ወንፊቷን አሳየ። ኑሪያ ከላይ ሆና ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አልበቃት ብሎ ደግማ ቆጠረች። አቶ ሸምሰዲንም መጡ፣ አዩ፣ "ይሄን ሁሉ ከስልክሽ አንብበሽ ነው ያወቅሽው?" አሏት። "እኔ አነበብኩ፣ ጋሽ ዳምጠው ሠሩ" አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ቅዳሜ አርባው ልጆች ተሰለፉ። ኑሪያ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ጋሽ ዳምጠው አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መግቢያው ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያውን ልጅ ያዝ አደረጉት።

"አየኸው?"

"ወንፊቷን? አዎ፣ ትታያለች!"

"የምን ወንፊት ነው? ግድግዳውን ነው የምልህ!"

ልጁ አጎንብሶ አየ። "እንዴ! ያበራል!"

"በል ግባ" አሉት ጋሽ ዳምጠው። ኑሪያም ፊሽካዋን ነፋች።

ጨዋታዬም እዚህ ላይ አለቀች፤ የሚዋኝ ይግባ፣ የማይዋኝ ዳር ቆሞ ያጨብጭብ።