ድንኳኑ የተተከለበት ቤት

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ቤተሰብ ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ልጄ፣ ከመጽሐፍ ጠቅሼ ከምመልስልሽ የዚህን ሰው ነገር ብነግርሽ ይሻላል።

ሰውየው በመኪና መንገድ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ የሚኖር ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት ድንበር ሲለካ ስለኖረ፣ ነገር ሁሉ ወሰኑ ታውቆ ሲቀመጥ ደስ ይለዋል። ሰፈሩ ለእድር ዳኝነት የመረጠውም ለዚህ ጠባዩ ነው። የገዛ ሚስቱ አክስት በሞቱ ጊዜ እንኳ «አክስት በደንቡ የለችም» ብሎ ድንኳኑን ከልክሏል። ሚስቱ ሁለት ወር አኮረፈችው፤ እሱ ግን አልተጸጸተም።

ደንቡ አጭር ነበር። አባል ሲሞት፣ ወይም የአባል አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይቀብራል። ከእነዚህ ውጭ ለሆነ ሰው የፈቀደ ጎረቤት ይደርስለታል እንጂ እድሩ አይወጣም።

በዚያ ሰፈር ዘርትሁን የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰባት ዓመት አብረው ኖረው ልጅ አልወለዱም። በስምንተኛው ዓመት ባልየው በሌላ ከተማ ሌላ ሴት አገባና ዘርትሁንን ፈታት። ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው ስለነበር እሷ ቀረች፣ እሱ ወጣ። ከነሱ ጋር ይኖሩ የነበሩትን እናቱን ሊወስድ መኪናውን ይዞ መጣ፤ አልጋቸውንና ሳጥናቸውን ጭኖ «እማዬ፣ ተነሺ እንጂ» አላቸው።

እናትየው ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ሚስትህን የፈታህ አንተ ነህ» አሉት። «እኔ ልጄን አልፈታሁም። አልጋዬን መልስልኝ።»

አልጋውን አወረደው፤ ሳጥኑንም አወረደው። ሰፈሩ ይህን ሲያወራ ከረመ። «ልጇን ትታ ከተፈታች ምራት ጋር የምትኖር ምን ዓይነት እናት ናት?» ያለም ነበር፤ «ዘርትሁንስ ምን ዕዳ አለባት?» ያለም ነበር። ሁለቱ ሴቶች ኑሯቸውን ቀጠሉ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሾፌሩ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዞ መጣ። ሁለተኛ ሚስቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል። እሱ ደግሞ ከመኪናው ላይ አይወርድም። «ለአንድ ሳምንት ብቻ ከአያቷ ጋር ትቆይልኝ» አለ። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩም ዓመት ሆነ። ልጅቷ ስንታየሁ ትባላለች። ቁርጥ እናቷን ነበር የምትመስለው።

ዘርትሁን መጀመሪያ ላይ ልጅቷን በደንብ አታያትም ነበር ይላሉ። ትመግባታለች፣ ታጥባታለች፤ ዓይኗን ግን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አታነሳም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዩኒፎርም ልትሰፋላት ሜትሯን አውጥታ አቆመቻት። ትከሻዋን ለካች፣ ክንዷን ለካች። ወገቧ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ኩርኩር ብሏት ሳቀች፤ ዘርትሁንም ሳታስበው አብራት ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ልጅ የእንጀራ ልጅ ብሎ የሚጠራ ሰው ዘርትሁን ፊት አልቆመም።

ዳኛው በዓመት አንድ ጊዜ የአባላትን ቤተሰብ ለመመዝገብ ቤት ለቤት ይዞራል። በዚያ ዓመት ዘርትሁን ደጅ ደርሶ መዝገቡን ገለጠ።

«እዚህ ቤት ማን ማን አለ?»

«እናቴ፣ ልጄና እኔ» አለችው።

«አሮጊቷ ወልደውሻል?»

«አልወለዱኝም፣ ጋሼ።»

«ልጅቷንስ ወልደሻታል?»

«አልወለድኳትም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያልኩዎትን ይጻፉ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ዳኛው የእሷን ስም ብቻ ጽፎ ሄደ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «ዛሬ ለአንዷ ወሰኑን ካሳለፍኩ ነገ ሁሉም ደስ ያለውን እናት፣ ደስ ያለውን ልጅ ሊል ነው» ብሎ ከልቡ ስላሰበ ነው። ቢሆንም መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው አጭር ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

አሮጊቷ ኋላ ታመው አልጋ ያዙ። ዘርትሁን ሁለት ዓመት አስታመመቻቸው። ጀርባቸው እንዳይቆስል ስታገላብጣቸው፣ ገላቸውን ስታጥባቸው፣ የደንበኞቿን ልብስ በቀጠሮ ማድረስ እያቃታት ሥራዋ ግማሽ ሆነ። ስንታየሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዘርትሁን ታርፋለች፤ ልጅቷ አያቷ አጠገብ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ልጅቷ እያነበበች አሮጊቷ አረፉ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ወደ ዳኛው ቤት መጣ። ግራ ገብቶታል።

«የማን እናት አረፉ ብዬ ልለፍፍ?» አለ።

ዳኛው መልሱ በእጁ ነበር። የወለዱት ልጅ ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ ከእድሩ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጥሩምባ የለም፣ ድንኳንም የለም። ግን ይህን በሰው ልኮ ማስነገር ነውር መሰለው። «ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ተከተለኝ» ብሎ ወጣ።

ሲደርስ ግቢው ውስጥ ጥቂት ጎረቤቶች ቆመዋል። ሾፌሩም ተደውሎለት ደርሷል። ቄሱ ለጸሎተ ፍትሐት ተዘጋጅተው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ልጃቸው ዞረ። ሾፌሩ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ።

«ወለተ ጻድቅ» አለች ዘርትሁን ከውስጥ።

«የንስሐ አባታቸውስ?» አሉ ቄሱ። እሷው ተናገረች። «የት ልቀበር ብለዋል?» እሷው ተናገረች። ከዚያ በር ላይ ወጥታ፣ እጇ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ እንደያዘች፣ «መግነዙን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ግራ ትከሻቸው ያማቸው ነበርና ስታነሷቸው ቀስ በሉ» አለች። ስንታየሁ መጥታ ወገቧን አቀፈቻት፤ ሁለቱ ተያይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

ዳኛው ሊናገር የመጣውን ነገር ተወው። የሞተ ሰው ትከሻ እንዳያመው የሚጠነቀቅ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ስንት ቀብር አስፈጽሟል፤ ስንት የአብራክ ልጅ በለቅሶ መካከል በስልኩ ሰዓት ሲያይ አይቷል። ሠላሳ ዓመት መሬት ሲለካ ካርታው ሌላ፣ መሬቱ ሌላ ሆኖ ያገኘባቸው ቀናት ትዝ አሉት። ያኔ ካርታውን ያርም ነበር እንጂ መሬቱን ተነሥ አይለውም ነበር።

ዞር ብሎ ጥሩምባውን ከጥሩምባ ነፊው እጅ ወሰደ። ዳኛ ጥሩምባ ነፍቶ አያውቅም። ወደ መንገዱ ወጣና ነፋው፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ እንጂ ወጣለት። ከዚያ እየተራመደ ጮኸ።

«የወይዘሮ ዘርትሁን እናት አርፈዋል! የስንታየሁ አያት አርፈዋል! የእድሩ ሰው ሁሉ ውጣ! ድንኳኑ የሚተከለው በዘርትሁን ደጅ ነው!»

አንድ የኮሚቴ ሰው ሮጦ ደረሰበትና «ጋሼ፣ ደንቡስ?» አለው።

«ደንቡ እናት ነው የሚለው» አለ ዳኛው። «እናቷ ናቸው። ወንበሮቹን አስወጣ።»

ሰፈሩ ወጣ። ድንኳኑ ተተከለ። ሾፌሩ ከቀብር ሲመለስ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንደ ባለቤት ይግባ ወይስ እንደ እንግዳ፣ አላወቀውም። ዘርትሁን አየችው። ትንሽ ፈቀቅ አለችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ገብቶ ተቀመጠ፣ ያን ጊዜ ገና ለእናቱ አለቀሰ።

ዳኛው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ተነሥቶ «ደንብ ጥሻለሁ፤ ወይ ቅጡኝ ወይ ደንቡን አስተካክሉት» አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ሦስት እሑድ ፈጀ። አንድ አባል «እንዲህማ ከሆነ ቤተሰብ ፈርሷል» ብሎ ተቆጥቶ ከእድሩ ወጣ። በመጨረሻ ግን አባሉ «እናቴ ናት፣ አባቴ ነው፣ ልጄ ነው» ብሎ ያስመዘገበውና ሰፈሩ አብሮ መኖሩን ያየለት ሁሉ ቤተሰብ ነው ተብሎ ተጻፈ። የዘርትሁንን ቤት ዳኛው ራሱ መዘገበ። አሮጊቷን ከሞቱበት ቀን ጋር ጻፋቸው፤ ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ። ተማሪዎችሽን ቤተሰባችሁን ሳሉ ብለሻቸው አንዲቱ ልጅ ባዶ ወረቀት እንደመለሰችልሽ ነገርሽኝ። አባቷ የለም፣ እናቷ ቤይሩት ናት፣ የምታሳድጋት የእናቷ ጓደኛ ናት አልሽኝ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ነው። ለክፍሉ ምን ልበላቸው አልሽኝ።

ያ ሥዕል የዳኛው መዝገብ ነው። ውሸት አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ቤት ብዙ አለ፣ እግዚአብሔር ያቆየው። ግን አንቺ የቆምሽው ዘርትሁን ደጅ ላይ ነው። ዘመኑ ሰውን ከሰው ይለያያል፤ አንዱን ሥራ ይወስደዋል፣ አንዱን ፍቺ፣ አንዱን ሞት። የቀሩት ደግሞ ተሰባስበው እንደገና ቤት ይሠራሉ። ሰው ይህን ሲያይ ቤተሰብ ፈረሰ ይላል፤ እኔ ግን እነዚያ እንደገና የሚሠሩትን ሳይ ባርኔጣዬን ባወልቅ ደስ ይለኛል። ነገ ክፍል ስትገቢ ልጅቷን ማን ወለደሽ ብለሽ አትጠይቂያት። ስትታመሚ የቱ ጋ እንደሚያምሽ የሚያውቀው ማን ነው በያት። የምትነግርሽን ሰው ትሳል፤ አንቺም ከታች «ቤተሰብ» ብለሽ ጻፊበት።