ከአጥሩ ጀርባ የተቀመጠችው ቆቅ

ተረት አለኝ፣ «እሺ» በሉኝ። እሺ ካላችሁማ፣ እንስሳት ሁሉ ጎረቤት በነበሩበት ዘመን አንዲት ድምፀ መልካም ወፍ ነበረች። ገና ማንም ሳያውቃት ዘፈኗን ትቀበልላት የነበረችው ጎረቤቷ ቆቅ ናት። ወፏ ስሟ ሲገን ግን ጦጣ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ወፏ የምትዘፍንበትን ዛፍ በእሾህ አጥራ በሩ ላይ ጉብ አለች። ድሮ በአንድ ፍሬ ማሽላ ይገባ የነበረው አሁን አንድ ቁና ሆነ።

«ጦጢት፣ ቁናውን ላንቺ ከሰጠሁ ልጆቼ ክረምቱን ምን ሊበሉ ነው?» አለች ቆቅ።

«እትዬ ቆቅ፣ ካቃተሽ ቤትሽ ሆነሽ አንጎራጉሪ! ዝሆን እንደሆነ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ ከፍሎ ገብቷል።»

ቆቅ ቁናውንም አልሰጠች፣ ቤቷም አልሄደች። እንደሷ ከበር የተመለሱትን ጥንቸሎችና አይጦች ሰብስባ «ዘፈኑን ያሳደግነው እኛ ነን፤ ከዚህ ንቅንቅ የለም» ብላ ከአጥሩ ጀርባ ቁጭ አለች።

ውስጥ ደግሞ ዝሆን ከፊት ተንሰራፍቶ አገዳውን ይቆረጥማል። ወፏ አንድ ስንኝ አውጥታ ተቀባይ ብትጠብቅ፣ ከማኘክ በቀር ድምፅ የለም። ደግማ ብታወጣ ከአጥሩ ጀርባ እነቆቅ ባንድ ድምፅ ተቀበሏት። ወፏ ታዲያ ቅርንጫፏ ላይ ዞር ብላ፣ ፊቷን ወደ ቆቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ኧረ ጦጢት! የፊት ቦታ ብለሽ ያስከፈልሽኝ ጭራዋ ሥር ኖሯል?» ብሎ ዝሆን ጮኸ።

ጦጣ አዲሱን የፊት ቦታ ለማስከፈል አጥሩን ነቅላ በነቆቅ በኩል ልታዞረው እሾሁን ስትጎትት ዘፈኑ አለቀ። ቆቅም ማሽላዋን እንደያዘች ቤቷ ገባች።

የኔን አውርቻለሁ፤ አሁን እናንተ አውሩኝ።