እግር ሳሚው ማዕበል

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በረቱን ውሃ ወስዶታል።

ማዕበል የሐይቁን ዳር እየበላ ቢያስቸግር፣ እንስሳት አያ አህዮን ሽማግሌ አድርገው ላኩበት። አያ አህዮ ክብር ወዳድ ነበር። ዳሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ማዕበል ሮጦ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ይማሩኝ ጌታዬ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም!» አለና ሰኮናውን ስሞ፣ ከሥሩ አፈር ዝቆ ተመለሰ።

«ታረቅን!» ብሎ አያ አህዮ አናፋ።

ማዕበል ግን በየቀኑ እየመጣ እግር ይስማል፤ አያ አህዮም በየቀኑ ይቅር ይላል፤ ሐይቁም በየቀኑ ወደ ሰፈራቸው ይጠጋል።

እመት እንቁራሪት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። «በየቀኑ ለሚመጣ እንግዳማ ቄጠማ እያጨዱ መጎዝጎዝ የት ይዘለቃል?» ብላ፣ ውሃው ዳር ከነሥሩ ተከለችው። ማዕበል ሲመጣ ቄጠማው ሁሉ ተራ በተራ ጎንበስ እያለ እጅ ነሳው። እሱም አጸፋውን ሲመልስ ሲመልስ ደከመውና፣ የተሸከመውን አፈር እዚያው ጥሎ ሄደ። ዳሩ እንደገና መሬት ያዘ።

አያ አህዮ ግን ተቆጣ። «እግሬን የሚስመኝ ጠፋ! ያስናቀኝ ይሄ ሳር ነው!» አለና ቄጠማውን ሙልጭ አድርጎ ጋጠው።

በማግስቱ ማዕበል መጣ። እግሩን ሳመ። ጉልበቱን ሳመ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

አያ አህዮ አፍንጫውን ከውሃው በላይ አንጋጦ፣ «እመት እንቁራሪት፣» አለ፣ «የቄጠማ ሥር የተረፈሽ ይኖር ይሆን?»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝና እግሬን በደረቅ ጨርቅ አብሱ።