የሠርጉ ቢላዎች

ቀኛዝማች መሸሻ ልጃቸውን ሲድሩ «ቀንበር ያልነካው ሰንጋ አርጄ አበላችኋለሁ» ብለው አገሩን ሁሉ ጠሩ። ለጥሬ ሥጋው የሚሆኑ ቢላዎችም የመንደሩን ቀጥቃጭ አሠሩት።

የሠርጉ ዕለት ሥጋው ቀረበ። እንግዳው ሁሉ ጉርሻውን በጥርሱ ይዞ በአዲሱ ቢላዋ ከከንፈሩ ሥር ይገዘግዝ ጀመር። ቢገዘግዝ፣ ቢገዘግዝ፣ ሥጋው ወይ ፍንክች! አንድ ሽማግሌማ እጃቸው ቢዝል ቢላዋውን አስቀመጡ፤ ሥጋው ግን ከአፋቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። የሙሽራው ወገኖች መጠቃቀስ ጀመሩ።

ቀኛዝማች አፈሩም፣ ተቆጡም። ቀጥቃጩን ከዳሱ በር አስጠርተው መሀል ላይ አቆሙት።

«አንተ! ይሄን ዱልዱም ሰጥተህ በአማቾቼ ፊት አዋረድከኝ! ሥጋ የማይቆርጥ ቢላዋ ምን ቢላዋ ይባላል? የምትለው ካለህ አሁኑኑ በል፤ አለዚያ ዛሬውኑ ከነወናፍህ መሬቴን ትለቃለህ!»

ቀጥቃጩ አጥሩ ላይ የተሰጣውን የበሬውን ቆዳ ትክ ብሎ አየና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ዳልቻ አይደለም እንዴ? እሱን እኮ የማውቀው አባትዎ ያርሱበት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ ነው። ስንት ማረሻ ሠራሁለት፣ ሁሉንም ጨረሰብኝ። እርስዎ ለሰንጋ ነው ቢሉኝ ጊዜ ቢላዋ ሠራሁ። ትግሉ ከዳልቻ ጋር መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ መጥረቢያ እሠራልዎ ነበር!»