የዋንዛው ጦርና ሦስቱ ጠባቂዎቹ

ሳጥን ማለት ስድስት ገጽ ያለው፣ ከስድስቱ አንዱ ብቻ የሚከፈት፣ ሰው አንድን ነገር ከአቧራ፣ ከሌባና ከራሱ ዓይን ለመሰወር የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ሳጥን ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ደኅና ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ሳጥን ከፍቶ የሚያውቅ ሰው እንዳልፈጠረው ግን እርግጥ ነው።

በአንድ ወቅት በወሎ፣ በመካነ ሰላም ከተማ፣ አቶ ዘርይሁን የሚባሉ የሥዕል መምህር ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከዋንዛ እንጨት ጣት የሚያክሉ ወታደሮች ይቀርጹ ነበር። ጦራቸው ሽቦ ነው፤ ጋሻቸው የቀንድ ስንጣሪ፤ የፈረሶቹ ጭራ እውነተኛ የፈረስ ጭራ። ግማሹን ሠራዊት ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀብተውታል። እሑድ እሑድ ሦስት ወዳጆቻቸው ይመጡና ጠረጴዛ ላይ አሸዋ ደልድለው፣ ጎራ ለይተው፣ ዕጣ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ወዳጆቹም ቆዳ ነጋዴው እንድሪስ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛው ዮአስና ጸጉር ሠሪዋ ብርቄ ነበሩ።

የአቶ ዘርይሁን ባለቤት ወይዘሮ አስካለማርያም በነርስነት ጡረታ የወጡ፣ ቆሻሻን በየስሙ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ጨዋታውን አንድም ቀን አልወደዱትም።

«እነዚህን አሻንጉሊቶች አንሡልኝ» ይላሉ።

«አሻንጉሊት አይደሉም፤ ጦር ናቸው።»

«እንግዲያው ከምሳ ጠረጴዛዬ ያፈግፍጉ።»

ያፈገፍጋሉ። በሳምንቱ ደግሞ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲባባሉ ዕድሜ አለፈ።

በኋላ አቶ ዘርይሁን ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነውም ቢላዋው ከእጃቸው አልወደቀም፤ የመጨረሻዎቹን ፈረሰኞች የቀረጹት በጀርባቸው ተኝተው ነው። ሊያርፉ ሲሉ ሚስታቸውን ጠሩ።

«አስካለ፣ ጦሩን እንዳትከፋፍይው። ግማሽ ጦር ማገዶ ነው። ሳይሰበር ላቆየው ሰው ስጪው።»

«ለየትኛው?»

«ታይዋለሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መምህር ነበሩና ጥያቄውን ሰጥተው መልሱን ይዘውት ሄዱ።

ወይዘሮ አስካለማርያም እሺ ብለዋል። እሺ ያሉትን ያጠፉበት ጊዜ የለም፤ ይህኛውን ማጥፋት ደግሞ ከሁሉም ይከፋባቸዋል። ባላቸው ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አንገታቸውን ደፍተው ያዩት የነበረው እነዚያን የእንጨት ፊቶች ነው። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ዓይን ያረፈበትን ጦር ለማይረባ ሰው አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ቤታቸው ውስጥ እንዲቀመጥም አልፈለጉም። ችግሩ ይህ ነበር።

አቶ ዘርይሁን አልጋ ከመያዛቸው በፊት ሠራዊቱን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት በበግ ጸጉር ጠቅልለው ነበር፤ ያውም ባልታጠበ ጸጉር። ሲታጠብ ይጠጥራል፣ ጦሩን ያጣምማል ብለው ያምኑ ነበር። ጋሻውን ያጣበቁበት ሙጫም ከቆዳ የተቀቀለ ነው። እኒህ የተማሩ ሰው እንዲህ አድርገው ለአይጥ አልጋም ራትም አዘጋጅተው ሞቱ።

ከአርባው በኋላ ዕቃ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ወይዘሮ አስካለማርያም መጀመሪያ የተዝካሩ ትርፍራፊ መሰላቸው። አስጠረጉ። ሽታው ግን አልሄደም። አመድ አስነሰነሱ። ሽታው አመዱንም ለመደው።

በዚህ ጊዜ እንድሪስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ አሸተተ።

«እትዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ወልዷል።»

«አፍንጫዬን የያዝኩት ለምን መሰለህ?»

እንድሪስ ቆዳ ነጋዴ ነውና ሽታ እጅ አይበላም ባይ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ባዶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ጸጉሩ በሽንት ረጥቦ፣ ከበጉ ወዝ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ሆኗል። እየዘገነ ሲያወጣው ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ የአይጥ ልጆች አብረው ወጡ፤ ከበታቻቸው ደግሞ ወታደሮቹ ነበሩ፤ ያደፉ፣ ያበጡ፣ አንዳንዱ ጣቱን የተቀረጠፈ፣ አንዱም ከነጋሻው እጁን ያጣ። ዮአስ ከመድኃኒት ቤት አልኮል አምጥቶ አንዱን ቢወለውለው የወታደሩ ፊት ከቆሻሻው ጋር አብሮ ተነሣ።

«ተው፣ ገደልኸው» አለ እንድሪስ። «ምራቅ ነው የሚያጠራው። ምራቅ ቀለም አይነካም።»

እውነቱን ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥጥ እየበጨቀ፣ በምራቁ እያራሰ፣ እድፉን ከእያንዳንዱ ፊት ላይ እያባበለ ያነሣው ጀመር። ቀዮቹ እንደገና ቀሉ፤ ሰማያዊዎቹም እንደዚሁ መልካቸው ተመለሰ። አፉ ሲደርቅበት ምራቁ እንዲመጣ ሎሚ ይመጥጣል። ሥራው ከሳምንት አለፈ። ወይዘሮ አስካለማርያም በመስኮት አንድ ቀን አይተው ሎሚ መብላት ተዉ።

ከዚያ ወይዘሮ አስካለማርያም ቤቱን ለቀው ደሴ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ሆነ። ጦሩም አብሮ መሄድ አለበት። መንገዱ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ አውቶቡሱም ተሳፋሪውን ከነጥርሱ የሚያንገጫግጭ። ብርቄ በጨርቅ እንጠቅልለው አለች፤ ጨርቁ ሽቦውን አጣመመው። እንድሪስ በጭድ አለ። ጭድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወይዘሮ አስካለማርያም አይጥ ታያቸው።

ያን ጊዜ ዮአስ አንድ ጆንያ ጤፍ ተሸክሞ ገባ።

«እንቁላል ነጋዴ ምን ያደርጋል? እህል ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚህ እስከ ገበያ ቢንከባለል አይሰበርም።»

ጤፍ ደግሞ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ነው። በጦርና በጋሻ፣ በጉልበትና በፈረስ ሆድ መካከል ገብቶ ሞላው። ሠራዊቱ በአንገቱ ተቀበረ፤ ከዚያም በራሱ። አውቶቡሱ ጣቢያ ሲደርሱ ረዳቱ ሳጥኑን ወደ ጣሪያ ሊያነሣ ሞክሮ አቃሰተ።

«ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?»

«ወታደርና ጤፍ» አለ ዮአስ።

«ከነስንቁ ነዋ። ካኮረፈ ግን የምናወርደው መንገድ ላይ ነው።»

እንዳለውም ሆነ። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ተበጠሰና ሳጥኑ ከጣሪያ ወድቆ፣ ተንከባሎ፣ ቁልቋል ላይ ቆመ። ዮአስ አውቶቡሱን አስቁሞ፣ እሾሁን ሳይፈራ ገብቶ አወጣው። ደሴ ሲደርሱ ሲከፍቱት ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ግን አንድ ጦር አልታጠፈም፤ አንድ ፈረስ አልተሰበረም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጦሩ የዮአስ ነበር። ዮአስ ግን እህል መድፋት ነውር ነው ከሚል ቤት የወጣ ሰው ነው። ወታደሮቹን አውጥቶ ጤፉን በወንፊት ነፋና ወፍጮ ቤት ወሰደው። ከዚያም ዱቄቱን «ለቤት መግቢያ ትሁንልዎ» ብሎ ለወይዘሮ አስካለማርያም አበረከተ። እሳቸውም መርቀው ተቀበሉ። ጎረቤት ጋበዙበት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አንድ ጉርሻ ላይ ጥርሳቸው ጠንካራ ነገር አገኘ። አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። ጋሻ የያዘች ትንሽ ሰማያዊ እጅ ነበረች።

ዮአስ ተጠራ።

«ይህ ጤፍ ከእነዚያ ጋር የመጣው ነው?»

«እትዬ፣ እህል አይጣልም። ነፍቼዋለሁ እኮ፤ ጆንያው ስፌት ውስጥ ቀርታ ይሆናል።»

«አይጥ የሸናባቸው፣ እንድሪስ የተፋባቸው ተኝተውበት?»

ዮአስ ግን ዓይኑ ሰማያዊዋ እጅ ላይ ነበር። «ስንፈልጋት የነበረችው ናት። አይጥ የቆረጣት ናት እንጂ እኔ አልሰበርኳትም» አለና በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሦስት ቀን ሻይ ብቻ ጠጡ። እህታቸው «አቃጥዪውና ገላግዪን» አሏቸው። እሺ ማለት አማራቸው፤ ግን አንዴ ለሌላ ሰው እሺ ብለዋል።

የእህታቸው ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይርዳል፤ መደርደሪያው ላይ የቆሙት ወታደሮችም ያለ ጦርነት ይወድቃሉ። በሳምንት ውስጥ ከመካነ ሰላም መንገድ የተረፉ ሁለት ፈረሰኞች አንገታቸው ተቀነጠሰ። በተሰነጠቀው ሳጥን እንዳይመልሷቸው ቅል ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንኳኳሉ። ይህን የሰማችው ብርቄ መካነ ሰላም ላይ ጸጉር ቤቷን ዘግታ፣ አንድ ባለ ብዙ መሳቢያ አዲስ ሳጥን አስጭና መጣች።

በየመሳቢያው ስፖንጅ ተነጥፏል። ስፖንጁ ላይ ለእያንዳንዱ ወታደር፣ ከነዘረጋው ክንዱና ከነጦሩ፣ በልኩ ጎድጓዳ ቦታ በምላጭ ተቆርጦለታል። ብርቄ የሁሉንም ቁመና በቃሏ ታውቃለች። አንድ በአንድ አስተኛቻቸው፤ አንገታቸው የተቀነጠሰውንም አጣብቃ አስገባች። ከዚያ ሳጥኑን ዘግታ እንደ ወንፊት ነቀነቀችው። ኮሽ ያለ ነገር የለም። ገልብጣ ከፈተችው። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሳይወዱ ተደነቁ። ጎንበስ ብለው ስፖንጁን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ከስፖንጁ ውስጥ የካምፎር ሽታ ተነሣ፤ ማታ ማታ የባላቸውን ጀርባ ያሹበት የነበረው ቅባት።

«ብርቄ። ይህ ስፖንጅ ከየት መጣ?»

«ከቤት ነው፣ እትዬ።»

«ከማን ቤት?»

ወይዘሮ አስካለማርያም የመጨረሻውን መሳቢያ ሳቡ። የቀዮቹ አዛዥ ከነፈረሱ የተኛው ቡናማ ላብ ደርቆ ካርታ በሠራበት ቦታ ላይ ነው። ያንን ካርታ ያውቁታል። ወደ ደሴ ሲመጡ «ለቸገረው ስጪልኝ፤ የሚወስደው ከጠፋ አቃጥዪው» ብለው ለብርቄ የተዉት ፍራሽ ነበር።

«ሰው የሞተበትን?»

«ሌላ ሞክሬ ነበር» አለች ብርቄ። «አዲስ ስፖንጅ ይገፋል። ብዙ የተተኛበት ነው የሚቀበለው። ደግሞ እሳቸው የመጨረሻዎቹን ፈረሰኞች የቀረጹት እዚሁ ላይ ሆነው ነው።»

ወይዘሮ አስካለማርያም መሳቢያውን በእግራቸው ዘጉት። ወደ ጓሮ ወጥተው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ከማቅለሽለሽ ይሁን ከሌላ ነገር እህታቸው አልጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ የከባድ መኪናው ብዛት ምንም ቢሆን አንድ ወታደር አልወደቀም።

እሑድ ሦስቱም ደሴ ተገናኙ። ወይዘሮ አስካለማርያም አስቀምጠው የባላቸውን ቃል ነገሯቸው፤ የሚገባው ይናገር አሉ።

እንድሪስ «እኔ ወታደሮቹን ባላወጣቸው ኖሮ እነዚህ ሁለቱ የሚሟገቱት በሸተተ እንጨት ነበር» አለ። «የሞተ አይጓጓዝም፣ አይደረደርም።»

ዮአስ «አንተ ያጠራኸውን መንገዱ በአንድ ቀን ዱቄት ያደርገው ነበር» አለ። «አቶ ዘርይሁን ሳይሰበር ነው ያሉት። ከአውቶቡስ ጣሪያ ወድቆ ያልተሰበረ ጦር ከእኔ በቀር ማን አሳያችሁ?»

«ዱቄቱንስ እኛ አየነው» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

ብርቄ «እናንተ ያዳናችሁት አንድ አንድ ጊዜ ነው» አለች። «እኔ በየቀኑ ነው የማድነው። አሁን አቶ ዘርይሁን ቢነሡ የትኛውን ሳጥን ይከፍታሉ?»

«ፍራሻቸውን ካወቁት ተመልሰው ይተኛሉ» አለ እንድሪስ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሦስቱንም በየተራ አዩ። ለእንድሪስ እንዳይሰጡ ሎሚው ትዝ ይላቸዋል። ለዮአስ እንዳይሰጡ ምላሳቸው ላይ ያቺ እጅ አለች። ለብርቄ ከሰጡ ደግሞ የባላቸውን የመጨረሻ ላብ ከጦሩ ጋር አሸክመው መስደዳቸው ነው። የሚጸየፉትን ትተው ይፍረዱ ቢባል፣ ያለ እንድሪስ የሚጓዝ ጦር የለም፤ ያለ ዮአስ የሚደረደር ጦር የለም፤ ያለ ብርቄ ዛሬ ቆሞ የሚታይ ጦር የለም። ያላስጸየፋቸው ማን ነው ቢሉ፣ ማንም። ጦሩን ያላዳነው ማን ነው ቢሉም፣ ማንም። እንከፋፈለው እንዳይባል ሟቹ ከልክለዋል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ጦሩ የሚገባው ከበሰበሰበት ላወጣው ነው፣ ከቁልቁለቱ ለመለሰው ነው፣ ወይስ የሚተኛበትን አልጋ ላበጀለት?

ወይዘሮ አስካለማርያም ፍርዱን ለሳምንት አሳደሩት። ሦስቱ እስከዚያው ሥራ ከምንፈታ ብለው ጠረጴዛ ላይ አሸዋ ደለደሉ። ሰማያዊዎቹ ተሸነፉ።